በሕግ አምላክ በቤት ውስጥም ይሠራል
በቤቱ ውስጥ የተጠቃ ሰው ለሕግ ስለሚያመለክትበት መንገድ የቀረበ ትምህርት

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በቀድሞው ልማዳችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ ዱላውን ሲያነሣ፥ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ዱላው ባለበት መቆም ነበረበት። ይህን ቃል ለመናገር ዳኛ ወይም ሹም መሆን አላስፈለገም፤ እረኛም ቢሆን፥ ሴትም ብትሆን፥ ሕፃንም ቢሆን ይናገረው ነበር። ስለዚህም አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» ብለው ተረቱ።

ነገር ግን በመንገድ ላይ የተጣሉትን የሚገላግለው ያው ሰው፥ ከጎረቤቱ አጥር ውስጥ ልቅሶና የዱላ ድምፅ በሰማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። የተመታችውም ሴት በማግሥቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ «በር መታኝ» ትላለች። ወራጅ ውኃን ያቆማል የተባለው ቃል ከደጃፍ ሲደርስ ስለ ምን ኃይሉን ያጣል? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሕጉ ራሱ በደጃፍ ላይ የማይቆም መሆኑንና፥ የተጠቃ ሰው እንዴት አድርጎ ሊጠራው እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የቤት ውስጥ ጥቃት ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ጠብንና ጥቃትን መለየት ያስፈልጋል። ባልና ሚስት በገንዘብ፥ በልጅ አስተዳደግ ወይም በዘመድ ምክንያት ሊነጋገሩ፥ ሊቈጣጡ፥ ሊኳረፉም ይችላሉ። ሁለቱም እኩል ተናግረው፥ እኩል ተቈጥተው፥ በኋላም እኩል የሚታረቁ ከሆነ ይህ ጠብ ነው። አንደኛው ወገን ግን በጕልበቱ፥ በገንዘቡ ወይም በዛቻው ሌላውን እያስፈራ የሚገዛው ከሆነ፥ ሌላውም የእርሱን የእግር ኮቴ በሰማ ቍጥር የሚሸማቀቅ ከሆነ፥ ይህ ጥቃት ነው።

ጥቃት በብዙ ዓይነት ይፈጸማል። አንዱ በአካል ላይ የሚደርሰው ነው፤ ይኸውም ጥፊ፥ ርግጫ፥ ዱላ፥ ማነቅ፥ ማቃጠልና የመሳሰለው ሁሉ ነው። ሁለተኛው በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ዛቻ፥ ውርደት፥ ከዘመድና ከጎረቤት መለየት፥ በቤት ውስጥ መዝጋት ከዚህ ይቈጠራል። ሦስተኛው በገንዘብ በኩል የሚደረገው ነው፤ ለአስቤዛ የሚሆነውን መከልከል፥ ሠርታ ያመጣችውን መቀማት፥ ወደ ሥራ እንዳትሄድ ማገድ ይህን ይመስላል።

ተጠቂው ሚስት ብቻ አይደለም። ባልም፥ ልጅም፥ ያረጀች እናትም፥ የቤት ሠራተኛም ሊጠቁ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ከባዱ ሸክም የሚወድቀው በሴቶች ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑትና ትዳር ካዩት ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ በባላቸው ወይም አብሯቸው በሚኖረው ሰው በአካል፥ በአእምሮ ወይም በጾታ ረገድ ተጠቅተዋል። ከሦስቱ አንዷ መሆኗ ነው።

2ኛ፤ ሕጉ ከየት ተነሥቶ ወዴት ደረሰ?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰውን መምታትንና ማቍሰልን ይቀጣ ነበር። ነገር ግን የትዳር ጓደኛን ስለ መምታት ለብቻው የጻፈው አንቀጽ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስቱ ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዝለት ያዝዝ ነበር። አለቃና ታዛዥ በተባሉበት ቤት ውስጥ ታዛዡ በአለቃው ላይ አቤት ለማለት እንደሚከብደው ለማንም ግልጽ ነው።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 16 ማንም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት እንዳለው፥ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በጋብቻ ውስጥ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀርቶ፥ ባልና ሚስት የመከባበር፥ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ አለባቸው አለ። ብዙዎቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። በመጨረሻም በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛውን ወይም ያለ ጋብቻ አብሮት የሚኖረውን ሰው በኃይል ድርጊት የጎዳ ሰው እንደ ማናቸውም ሰውን የጎዳ ወንጀለኛ እንደሚቀጣ በግልጽ ጻፈ። ሕጉ «የትዳር ጓደኛ» ስለሚል ለባልም ለሚስትም እኩል ይሠራል። ሕጉ ደጃፉን ተሻግሮ ወደ ቤት የገባው በዚህ ዓይነት ነው።

የጉዳቱ መጠን በሦስት ደረጃ ይታያል፤ ይህንንም ማወቅ ለአመልካች በጣም ይጠቅማል።

ሀ) ከባድ የአካል ጉዳት (አንቀጽ 555)፤ ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠ፥ አካልን ያጎደለ፥ መልክን በሚታይ ሁኔታ ያበላሸ፥ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ላይ ጽኑ ጉዳት ያደረሰ ነው። ቅጣቱ እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት፥ ወይም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እሥራት ነው።

ለ) ቀላል የአካል ጉዳት (አንቀጽ 556)፤ ከዚያ በታች የሆነ ጉዳት ነው። ተጎጂው በግል አቤቱታ ሲያቀርብ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። በመሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሌላ ነገር የተፈጸመ እንደ ሆነ፥ ወይም ተጎጂው ደካማ፥ በሽተኛ ወይም ራሱን ለመከላከል የማይችል ሲሆን ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል።

ሐ) የእጅ እልፊት (አንቀጽ 560)፤ ሰንበር፥ እብጠት ወይም ወዲያው የሚያልፍ ሕመም ብቻ ሲሆን ሕጉ እንደ አካል ጉዳት አይቈጥረውም። ሆኖም ያለ ቅጣት አያልፍም፤ በግል አቤቱታ ሲቀርብ እስከ 300 ብር መቀጮ ወይም ነገሩ የከፋ እንደ ሆነ እስከ ሦስት ወር ቀላል እሥራት ያስቀጣል። ጉዳቱ ከየትኛው ደረጃ እንደሚመደብ ባጠራጠረ ጊዜ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ይቀበላል። የሐኪም ማስረጃ ዋጋው ከዚህ ላይ ይታወቃል።

3ኛ፤ ዝም የሚባለው ስለ ምንድር ነው?

ሕጉ ይህን ያህል ከተራመደ የሚያመለክተው ሰው ስለ ምን ጥቂት ሆነ? ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአካል ወይም በጾታ ከተጠቁት ሴቶች መካከል ርዳታ የጠየቁት ከመቶው 23 ብቻ መሆናቸውን ይነግረናል። ከመቶው 66ቱ ርዳታም አልጠየቁ፥ ለማንም አልተናገሩም። ርዳታ ከጠየቁትም መካከል የሚበዙት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ወላጅ ዘመድ ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ፤ ይኸውም ባል ሚስቱን በአንድ ምክንያት ለምሳሌ ወጥ ስላሳረረች ወይም ሳትነግረው ስለ ወጣች ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶው 63 ሲሆኑ፥ ወንዶቹ ግን 28 ነበሩ። ተመቺዋ ከመቺው ይልቅ ለዱላው ጠበቃ ሆና መገኘቷ ልማድ ምን ያህል በሰው ልብ ውስጥ ሥር እንደሚሰድ ያሳያል።

የዝምታው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ነውር ነው። «ገመናዬን ለፖሊስ ላውጣ?» ይባላል። ነገር ግን ነውሩ የመታው ነው ወይስ የተመታው? በመንገድ ላይ የተዘረፈ ሰው ለፖሊስ ሲያመለክት ማንም ገመናውን አወጣ አይለውም።

ሁለተኛው እንጀራ ነው። ባሏ ቢታሰር ልጆቹን ማን ያበላል የሚለው ጥያቄ ከባድና እውነተኛ ነው። ቢሆንም የቤተ ሰብ ሕጉ መልስ አስቀምጧል። የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ቀለብ፥ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ ሲያዝዝም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ይመለከታል። እንግዲህ ያመለከተች ሴት ሁሉ በባዶ እጇ ከደጅ ትወድቃለች ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። «ብናገር ይገድለኛል» የምትል ሴት አለች። ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባም። ስለዚህ ማመልከቻው በጥንቃቄና በዝግጅት መሆን አለበት፤ ዛቻውም ራሱ በወንጀል የሚያስቀጣ ስለ ሆነ ለፖሊስ መነገር ያለበት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለው፥ ከነዚህ ምክንያቶች አንዱም በዝምታ አይድንም።

4ኛ፤ የማመልከቻው መንገድ

መንገዱ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ የምትኖር፥ በጉሊት አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች እንበል። ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት ባሏ በመጥረጊያ እንጨት የግራ ክንዷን ሁለት ጊዜ መታት። ምን ታድርግ?

የመጀመሪያው እርምጃ፤ ነፍስን ማዳን። ክርክሩን ትታ ሰው ወዳለበት ትውጣ። ኡኡታዋን ታሰማ፤ «በሕግ አምላክ» ትበል። ይህ ጩኸት ሁለት ጥቅም አለው፤ ገላጋይ ያመጣል፥ ለነገ ደግሞ ምስክር ይሆናል። ስልክ ካለ በ991 ፖሊስ መጥራት ይቻላል። ጥቃቱ የተደጋገመባት ሴት አስቀድማ መታወቂያዋን፥ የጋብቻ ወረቀቷን፥ የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት፥ የባንክ ደብተሯንና ጥቂት ገንዘብ በአንድ ከረጢት አድርጋ በታመነች ጎረቤት ቤት ብታስቀምጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው እርምጃ፤ ፖሊስ ጣቢያ። በአቅራቢያዋ ወዳለው ጣቢያ ሄዳ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመረምረውን ክፍል ትጠይቅ። ከባሏ ተለይታ፥ ቢቻልም ለሴት መርማሪ ቃሏን ለመስጠት ትጠይቅ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ነገሩን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፥ ለአመልካቹም አንብቦ እንዲያሰማና እንዲያስፈርም ደንግጓል። ስለዚህ ሳይነበብላት አትፈርም፤ የተሳሳተ ቃል ካለ እንዲታረም ትንገር።

የምትሰጠው ቃል እንዴት ያለ ይሁን? «ሁልጊዜ ይመታኛል» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለመርማሪ ግን መያዣ የለውም። ይልቁንም «መጋቢት 6 ቀን ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት፥ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ፥ በመጥረጊያ እንጨት የግራ ክንዴን ሁለት ጊዜ መታኝ፤ የጎረቤቴ የቤት ሠራተኛ ጩኸቴን ሰምታ መጣች» ብትል ቀኑ፥ ቦታው፥ መሣሪያው፥ የተመታው አካልና ምስክሩ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገኙ። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ጥቃት በየጊዜው እያስከተለች ታስረዳ። አታጋንን፥ አታሳንስም። የተጨመረ አንድ ውሸት እውነተኛውን ዘጠኙን ያስጠረጥራል። ስትወጣም የመዝገቡን ቍጥርና የመርማሪውን ስም ጽፋ ትያዝ።

ሦስተኛው እርምጃ፤ ሐኪም። ፖሊስ ለሆስፒታል ወይም ለጤና ጣቢያ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ማስረጃውም በዚሁ ደብዳቤ መሠረት ይሰጣል። ጉዳቱ የሚያጣድፍ እንደ ሆነ ግን ደብዳቤ ሳትጠብቅ ወደ ሕክምና ትሂድ፤ ደብዳቤው በኋላ ይደርሳል። ከሐኪሙ ፊት «ከደረጃ ወደቅሁ» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያ ቃል በካርዷ ላይ ተጽፎ በኋላ ይመሰክርባታል። ያበጠ ክንድ የተሰበረ መሆኑ በዓይን አይታወቅም፤ ራጅ ያስፈልገዋል። እብጠት በጥቂት ቀን ይጎድላል፥ ሰንበርም ይጠፋል፤ ስለዚህ መዘግየት ማስረጃን ያጠፋል። ቁስሉን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ የተቀደደውን ወይም ደም የነካውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይገባል።

በአንዳንድ ሆስፒታሎች፥ ለምሳሌ በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፥ ለተጠቁ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፥ የሥነ ልቡና ምክሩን፥ የፖሊስንና የዓቃቤ ሕግን ሥራ በአንድ ስፍራ ያሰባሰበ ማዕከል ተቋቁሟል። ዓላማው ተጠቂዋ ያንኑ መራራ ነገር በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ነው።

አራተኛው እርምጃ፤ ቀኑን መቍጠር። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት የሚያስከስሱት በግል አቤቱታ ስለ ሆነ፥ አቤቱታው ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በቤት ውስጥ ጥቃት አድራጊው የታወቀ ስለ ሆነ ሦስቱ ወር መቈጠር የሚጀምረው ከተመታችበት ቀን ነው ማለት ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ግን ያለ ግል አቤቱታ መንግሥት የሚከስበት ወንጀል ነው። ይህንም ጎረቤት፥ ልጅ ወይም መምህር ሊጠቍም ይችላል።

አምስተኛው እርምጃ፤ ዓቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። የሚከሰው መንግሥት ስለ ሆነ ተበዳዩዋ ጠበቃ መግዛት አያስፈልጋትም፤ በፍርድ ቤት የምትቀርበው እንደ ምስክር ነው። ተከሳሹ በዋስ ሊወጣ ስለሚችል የሚያሠጋት ነገር ካለ አስቀድማ ለመርማሪውና ለዓቃቤ ሕጉ ትንገር። ልብሷን ወይም የልጆቿን ዕቃ ለማምጣት ወደ ቤት መመለስ ቢያስፈልጋት ብቻዋን አትሂድ።

ከጣቢያ «ሂዱና በቤታችሁ ጨርሱ» የሚል መልስ ቢሰጣትስ? ያን ጊዜ ነገሩ አላለቀም። የጣቢያውን አዛዥ ታነጋግር፤ እርሱም እንቢ ካለ ወደ ዓቃቤ ሕግ ትሂድ። የወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቈይቷል። በ1990ዎቹ የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ከቤታቸው ሸሽተው የወጡ ሴቶችንና ልጆቻቸውን የሚያስጠጋ መጠለያ አቋቁሟል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፥ አንድ በር ቢዘጋ ሌላውን ማንኳኳት ነው።

5ኛ፤ ስለ ሽማግሌዎች

ይህን ሁሉ ያነበበ አባት ወይም እናት «ታዲያ ሽማግሌ፥ የንስሐ አባት፥ ዕድር ለምን ተፈጠረ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገራችን ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፥ የተበተነ ቤት ይሰበስባሉ። ጠብን ለማብረድ ከነርሱ የሚሻል የለም።

ነገር ግን ሽምግልና የሚያስታርቀው ሁለት እኩል ሰዎችን ነው። አንደኛው ዱላ ይዞ ሌላዋ ተሰብራ በተቀመጡበት ጉባኤ «አንተም ተው፥ አንቺም ቻይ» ማለት ፍርድን ማዛባት ይሆናል። መተው ያለበት አለ፤ መቻል ያለባት ግን የለችም። ሌላም ችግር አለ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ «እስቲ ጾሙ ይፈታ» ይላሉ፥ ከፋሲካ በኋላ «እስቲ አጎቱ ከአገር ቤት ይምጡ» ይላሉ። በዚህ መካከል ሕጉ የወሰናቸው ሦስት ወሮች ያልቃሉ፥ ሰንበሩም ይጠፋል። ሴትዮዋ በመጨረሻ ወደ ጣቢያ ስትሄድ ጊዜውም ማስረጃውም አምልጧታል።

ስለዚህ ትክክለኛው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ሐኪም፥ አቤቱታውም በጊዜው ይመዝገብ፤ ሽማግሌ የሚገባ ከሆነ ከዚያ በኋላ ይግባ። ደግሞም እውነተኛ ሽማግሌ የተጠቃችውን ሴት እጅ ይዞ ወደ ጣቢያ ሊወስዳት፥ ልጆቿን በቤቱ ሊያሳድርላት፥ በፍርድ ቤትም ያየውን ሊመሰክርላት ይችላል። ይህም ሽምግልና ነው።

6ኛ፤ ለተማሪዎችና ለወላጆች

ይህ ነገር ለባልና ለሚስት ብቻ የተጻፈ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በየክፍላችን ሌሊቱን በጩኸት ሳይተኛ አድሮ ጠዋት ሒሳብ የሚማር ልጅ እንደሚኖር የጥናቱ ቍጥር ራሱ ያስገምተናል። ለእንደዚህ ያለው ጓደኛ የሚከተለውን ማለት ይገባል።

ጥፋቱ ያንተ ወይም ያንቺ አይደለም። በዱላው መካከል አትግቡ፤ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፥ ጎረቤት ጥሩ። በማግሥቱ ለምታምኑት መምህር ወይም ዘመድ ንገሩ። ከላይ የተጠቀሰው የ1954 ዓ.ም. ሕግ ወንጀል መፈጸሙን የመጠቆም መብት ለማንም ሰው የሰጠ ነው። ድርጊቱን በዓይኑ ያላየ እንኳ ሊጠቍም ይችላል ይላል። «በሕግ አምላክ» ለማለት ሕፃን መሆን እንደማያግድ ሁሉ ማለት ነው። ጓደኛችሁ ይህን ምሥጢር ቢነግራችሁ ደግሞ በእረፍት ሰዓት የሚወራ ወሬ አታድርጉት፤ ሊረዳው ወደሚችል ትልቅ ሰው አድርሱት።

ወንድሞቻችን ሆይ፥ ነገ ባሎች የምትሆኑ እናንተ ናችሁ። እኅቶቻችን ሆይ፥ ወጥ ማሳረር ለዱላ የሚያበቃ ጥፋት እንዳልሆነ ዛሬውኑ እወቁ። ወላጆቻችን ሆይ፥ ያገባች ልጃችሁ ፊቷ አብጦ ወደ ቤታችሁ በመጣች ጊዜ «ትዳር እንዲህ ነው» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ክንዷን ለሐኪም አሳዩ፤ ቀኑንም በወረቀት ጻፉ። ያች ልጅ ከእናንተ ደጅ ከተመለሰች ሌላ ደጅ ለማንኳኳት አትደፍርም።

ለማጠቃለል ያህል፥ ቤት የተሠራው ለመጠለያ ነው፤ ሰውን ከዝናብና ከአውሬ የሚከልለው ግድግዳ ጥቃትን ከሕግ መደበቂያ ሊሆን አይገባውም። ሕጉ ተጽፏል፥ መንገዱም አለ። የቀረው የተጠቃው ሰው እንዲናገር፥ የሰማነውም ጆሯችንን እንዳንደፍን ብቻ ነው።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በጠብና በጥቃት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? በምሳሌ አስረዱ።
2. በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ መካከል ስለ ባልና ሚስት ያለውን ልዩነት ግለጹ።
3. አንዲት ሴት በመስከረም 20 ቀን ቀላል የአካል ጉዳት ቢደርስባት የግል አቤቱታዋን እስከ መቼ ማቅረብ ይገባታል?
4. «ሁልጊዜ ይመታኛል» የሚለውን ቃል ለመርማሪ በሚጠቅም ዐረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉት።
5. አንድ ሽማግሌ የተጠቃችን ሴት ከሕግ ጋር ሳይጋጭ በምን በምን ሊረዳት ይችላል?